የተነሣችው አንድ

ባሕር ዳር፣ የፖሊ ግቢ፣ የድሮው ወርክሾፕ ጣሪያ ላይ፣
አንቴናችን ቆማለች አንገቷን ሰጥታ ለሰማይ።
አራት የባጃጅ ባትሪ፣ ከፋብሪካ የተረፈ ሽቦ፣
ምሰሶዋ የባሕር ዛፍ፣ በጎማ ቁራጭ ተከቦ።
ከታች ሦስት ሴቶች ነን፤ ስመኝ፣ ውዴና እኔ፤
ስሌቱ የኔ ነው፣ ጥፋቱም ይሆናል የኔ።
አራተኛዋ ከበሩ ሥር፣ ዱካ ላይ፣ ዝም ብለው፣
እትዬ አንጓች ይስማው፣ መነጽር በክር አንጠልጥለው።

ነዳፊ ነበሩ። የጡረታ ደብተራቸው ዛሬም "ነዳፊ" ይላል፤
የሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረቱ መምህር ቃል አሁንም ጆሯቸው ላይ ይውላል፦
"ወንዶቹ ያስላሉ፣ አንቺ መስመሩን አስምሪ" ብሎ
ማስመሪያ ሰጣቸው፣ የስሌቱን ደብተር ከልክሎ።
መስመሩን ሲያሰምሩ ስሌቱን እያረሙ፣
የታመመውን ዘንግ በእርሳስ እያከሙ፣
ከሥዕሉ ጥግ ላይ ሌላ ሰው እየፈረመ
ስንት መዘውር ዞረ፣ ስንት ድልድይ ቆመ።

ቁጥሩን ከየት አመጡት?
አባታቸው ዲማ ላይ የባሕረ ሐሳብ መምር፣
ተማሪው በቃሉ ሲዘልቅ፣ ሲገድፍ፣ ሲደምር፣
እሳቸው ከአጥሩ ውጭ፣ እንስራቸውን አውርደው፣
ወንበሩን ያወጡ ነበር አፈር ላይ በስንጥር ጽፈው፤
ሰው ሲመጣ በእግር ያጠፉታል።
"አሐደ አእትት ለዘመን"፤ ያልሞላ ዓመት አይቆጠርም፤
አንዱን ያላነሣ ሰው ፋሲካን አያገኝም።

ታኅሣሥ ነው። ከጣና የሚነሣው ብርድ ጣት ያደርቃል።
ሳተላይቷ የጫማ ሣጥን ታክላለች፤
በሰው አገር ሮኬት፣ በሰው ጭነት መሐል፣ ተሳፍራ ወጥታለች።
የፀሐይ ሰሌዳዋን ስመኝ ትንፋሿን ይዛ ገጠመች፣
የሙቀት መከለያዋን ውዴ በልብስ ሰፊ መቀስ ቆረጠች።
ልክ ስምንት ከሃያ፣ በዘጌ በኩል ስትወጣ፣
ስምንት ደቂቃ ታወራናለች፣ እስክትጠልቅ፣ እስክትታጣ።

ስምንት ከሃያ ሆነ።
ድምፅ ማጉያው ፍሽሽ አለ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደ ካፊያ።
ስምንት ከሃያ አራት። ፍሽሽ።
ስምንት ከሃያ ስምንት። ከዓባይ በኩል ጉማሬ አጓራ፤
ያልጠራነው እሱ ብቻ መለሰልን በዚያ ተራ።
አለቃችን ስልክ ደወሉ፦ "ጋዜጠኛ ጠርቻለሁ፣ ምን ልበል?"
ስመኝ ሽቦ ነቅላ ትሰካለች፤ ውዴ ጣሪያ ላይ ናት፣ ብሎን ልትነቅል።

"በወረቀት አምጪልኝ" አሉ፣ "መስኮቱ ዓይኔን ይወጋል።"
ጣታቸው ቁልቁል ወረደ፤ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይዘልቃል።
"ይቺ ቀን ስንተኛዋ ናት?"
"ሦስት መቶ አርባ ስድስተኛ፣ ዛሬን ጨምሮ።"
"ዛሬ አልቋል?"
"አላለቀም።"
"ታዲያ ያላለቀውን ማን ቆጠረው?"
ዝም አልኩ።
"አንሺያ፣ ልጄ። አንዱን አንሺ ለዘመኑ።"

አነሣሁ። አንቴናዋ ከዘጌ ፊቷን አዞረች፣
ወደ ደቅ፣ ወደ ሰሜን፣ መዘውሯ እያፏጨች።
ከአርባ ደቂቃ በኋላ፣
ሲጥ።
እንደገና፣ ሲጥ። ጫጩት ከቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ዓለምን እንደሚጣራ፤
ማናችንም አልጮኽንም፣ እንዳይደነግጥ፣ እንዳይፈራ።

ጠዋት ፎቶ አንሺ መጣ፤ ስም ዝርዝር በማይክ ተነበበ፤
አንድ ሰው ጎደለ፤ ማንም አላሰበ።
እትዬ አንጓች የጡረታ ወረፋ ይዘው ነበር፣ ፖስታ ቤት በር ላይ፣
ተራቸው አርባ አንደኛ፣ ፀሐይ ላይ።
አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ሠላሳ ነው ድምሩ፣
አንዱ ባነሰ መጠን ነው የሌላው መጨመሩ፤
የኛ ሙላት ከየት መጣ? የማንን ጎደሎ ይዘን?
ስንት ዓመት አንዲት ሴት አነሣን፣ ለዘመኑ ብለን፣ ሳናዝን?

መዝገቡ ላይ፣ "ተረኛ መሐንዲስ" ከሚለው ቦታ፣
"አንጓች ይስማው" ብዬ ጻፍኩ፣ በማይጠፋ ቀለም፣ ያን ለታ።
ከወረፋ ሲመለሱ አሳየኋቸው።
መነጽራቸውን አደረጉ፤ አነበቡ፤ ቆዩ።
ከዚያ ከጆሯቸው ጀርባ እርሳሱን አውጥተው
የጻፍኩትን ሰዓት በሁለት ሰከንድ አረሙ።